ብርጭቆዋን መልስላት

አክስቴ ልጇ የተመረቀ ዕለት ምግብ ቤት ወስዳ ጋበዘችን። ለራሷ አክሱማይት ወይን አዘዘች፤ ኮካ አስመጣችና ቀላቀለችበት። አንዴ ፉት ብላ ፊቷ በራ። ይሄኔ ከጎኗ የተቀመጠው ወይን ዐዋቂ እንግዳ፣ «እትዬ፣ እንዲህማ ወይን አይጠጣም! ይሄ ስኳር ነው» አላት። ብርጭቆዋን ቀስ አድርጋ ገፋችው፤ እስክንነሣም አልነካችውም። ቀኑ የእሷ ስለነበር ቃሌን ዋጥኩ። ዛሬ ግን ወንድሜ፣ ያልከውን አንድ በአንድ እያነሣሁ እመልስልሃለሁ።

«ወይን አይበረዝም» ብለሃል።

የጥንት ግሪኮች ወይናቸውን በውሃ በርዘው ነበር የሚጠጡት፤ ያልሠለጠነ የሚሉት ሳይበርዝ የሚጠጣውን ነው። የስፔን ባስኮች ደግሞ ቀይ ወይንና ኮካ እኩል ለእኩል ቀላቅለው፣ «ካሊሞቾ» ብለው ስም አውጥተውለት በየበዓላቸው ይጠጡታል። አክስቴ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እኛስ ብንሆን ማር በውሃ በጥብጠን «ብርዝ» ብለን ለእንግዳ የምናቀርብ ሰዎች አይደለንም? መበረዝ በእኛ ቤት ስም አለው እንጂ ነውር የለውም።

«ጣፋጭ ወይን የጀማሪ ነው» ብለሃል።

እ.ኤ.አ. በ1855 የፈረንሳይ የቦርዶ ወይኖች በየደረጃቸው ሲመደቡ፣ ከአንደኞቹም በላይ የሆነውን ማዕረግ ለብቻው ያገኘው ሻቶ ዲኬም ነው። ሻቶ ዲኬም ደግሞ ጣፋጭ ነጭ ወይን ነው። ጣፋጭ መውደድ ጀማሪነት ከሆነ፣ ከአክስቴ በፊት ከፈረንሳዮቹ ጋር ተሟገት።

«ይሄኛው 92 ነጥብ አለው» ብለህ ሌላ ጠርሙስ አሳየሃት።

ወይንን ከ100 ነጥብ የመመዘንን ልማድ ያስፋፋው አሜሪካዊው የወይን ሐያሲ ሮበርት ፓርከር ነው። በእሱ ሚዛን ማንኛውም ወይን 50 ነጥብ ይዞ ነው የሚነሣው። ቀሪውን የሚሞላው የአንድ ሰው ምላስ ነው፤ የምላስ ውሎ ደግሞ አንድ አይደለም። ሮበርት ሆጅሰን የተባለ የስታቲስቲክስ መምህርና ወይን ጠማቂ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ዓውደ ርዕይ የወይን ውድድር ላይ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳውን ወይን ለዳኞቹ ሦስት ጊዜ እያቀረበ ፈተናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ለሦስቱም ተቀራራቢ ውጤት የሰጡት ከ10 ዳኞች 1 ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ዳኛው ከራሱ ጋር ላልተስማማበት ቁጥር አክስቴ ለምን ትስገድ?

«አፍንጫዬ የተማረ ነው» ብለሃል።

የቦርዶ ተማሪዎች አፍንጫም የተማረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ ፍሬደሪክ ብሮሼና ባልደረቦቹ ለ54 የወይን ጥናት ተማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም አቅልተው አቀረቡላቸው። ተማሪዎቹም የቀይ ወይን ሽታዎችን እየጠሩ ዘረዘሩ። ዓይን ቀድሞ ተናገረ፣ አፍንጫ ተከተለው። ይህ የሰው ሁሉ ተፈጥሮ ነውና አልፈርድባቸውም። ዓይኑን እየሰማ በሚመሰክር አፍንጫ ግን ሌላውን ሰው ማሳፈር አይገባም።

«የብላክ ከረንቱ ሽታ ካልመጣልዎ ወይኑ አልገባዎትም» ብለሃታል።

ብላክ ከረንት የሚባለው የፈረንጅ ፍሬ በአክስቴ ጓሮ አልበቀለም፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ለምን ትሄዳለች? እሷ የምታውቀው አጋም ነው፣ ዶቅማ ነው፣ ቀጋ ነው። በልጅነቷ ከየዱሩ እየለቀመች፣ ከንፈሯና ጣቷ እስኪጠቁር በልታዋለች። ጉደር ወይን ቀምሳ «እንደ በሰለ አጋም ጣፈጥም ኮምጠጥም ይላል» ካለች፣ ከዚህ የጠራ ምስክርነት ከየት ይመጣል? ያንተን ቃል ከመጽሐፍ ተውሰሃል፤ የእሷ ከአፏ የወጣ ነው።

«ታዲያ ዕውቀት ከንቱ ነው?» ትለኝ ይሆናል።

አይደለም። ወይኑ መበላሸቱን ከሽታው የሚለይ፣ ከዝዋይ የሚመጣውን ቀይ ወይን ከጥብስ ጋር ሞክሩት ብሎ የሚጠቁም፣ ሲጠይቁት ሳይሰለች የሚያስረዳ ሰው ለማዕድ በረከት ነው። ወይን የሚተክለውና የሚጠምቀው ሰው ድካምም መታወቅ አለበት። ነገር ግን ዕውቀት ሲጠየቅ ብርጭቆ ያስሞላል፤ ሳይጠየቅ ሲዘልፍ ብርጭቆ ያስገፋል። ያን ቀን ያንተ ዕውቀት ያስገኘው አንድ የተገፋ ብርጭቆ ነው፤ የአንዲት እናት የደስታ ቀንም በዚያው ደበዘዘ።

ጠጅ ቤት ግባ። አሳላፊው መጀመሪያ የሚጠይቅህ «ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?» ብሎ ነው። ለስላሳ ያለውን ሕፃን፣ ደረቅ ያለውን ሊቅ አይለውም፤ ሁለቱንም እኩል በብርሌ ቀድቶላቸው ይሄዳል። የምላሱ ባለቤት ጠጪው መሆኑን ያውቃልና።

በሚቀጥለው ግብዣ አክስቴ አጠገብ ስትቀመጥ፣ ወንድሜ፣ ብርጭቆዋን ወደ እሷ መልሰህ «እትዬ፣ ምን ልቅዳልዎ?» በላት። ከዚያ ያለችህን ቅዳላት።