መስኮቱን ዝጋው!

ኖርዌያዊው ቦርገ ኡስላንድና ባልንጀራው ማይክ ሆርን በ1998 ዓ.ም. ጥር ላይ ከሩሲያ ጠረፍ ተነስተው በበረዶ መንሸራተቻ ወደ ሰሜን ዋልታ አቀኑ። በዚያ ወራት እዚያ ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። ስንቃቸውን በሸርተቴ እየጎተቱ፣ ግንባራቸው ላይ ባሰሩት መብራት እየተመሩ፣ መጋቢት ላይ ደረሱ። ማን ላካቸው? ማንም።

በመሀሉ፣ የካቲት ላይ፣ የእኛው ሮቤል ተክለማርያም በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ 15 ኪሎ ሜትር ተንሸራቶ 83ኛ ወጣ። በሩጫ 83ኛ ቢወጣ ኖሮ አገር ሐዘን ይቀመጥ ነበር።

በረዶ ለእኛ ባዕድ ነው እንዳትሉ ደግሞ። አንድ የአክሱም ንጉሥ ስለ ዘመቻው አዱሊስ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። ነጋዴው ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዘመን ገልብጦ ባያቆየው ጠፍቶ ይቀር ነበር።

እንግዲህ የዚያ ዘመቻ ልጆች ዛሬ ከጎንደር ደባርቅ በሚኒባስ እንጓዛለን። ቀትር ነው። ትርፍ ተጭኗል፤ ከኋላ አንዱ ሆዱ ታውኳል፤ ፌስታል ይፈለጋል። አንድ ደፋር መስኮቱን ጣት ታህል ገለጥ ሲያደርግ መኪናው በአንድ ድምፅ ይነሳበታል፦ «ኧረ ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው?» እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይጥላሉ፤ ጎረምሳው ጃኬቱን እስከ አገጩ ይቆልፋል። ረዳቱ፣ ራሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ንፋስ እየጠጣ፣ «ዝጋው ወንድሜ» ብሎ ይፈርዳል። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ግዕጭ ላይ በድንኳን ሊያድር የመጣው ፈረንጅ በላብ ይጠመቃል።

ጉዱ ደባርቅ ላይ ነው። ያው መስኮት ያዘጋው ጎረምሳ ጃናሞራ ለመሄድ አይሱዙ ጭነት ላይ ይሰቀላል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ በቧሂት ማለፊያ፣ ጆሮ በሚቆርጥ ንፋስ፣ እየዘፈነ። ብትጠይቁት መልስ አያጣም፦ «ይሄ እኮ ሜዳ ንፋስ ነው፤ የሚገድለው በቀዳዳ የሚገባው ነው!» ኡስላንድ ይህን ቢሰማ ድንኳኑን በጥንቃቄ በሰፋ ነበር።

ሜዳ ንፋስና ቀዳዳ ንፋስ የሚለየውን ሊቅ እስካሁን አላገኘሁም። የሳንባ ነቀርሳ ግን በተዘጋና በተጨናነቀ ቦታ ካንዱ ወዳንዱ እንደሚተላለፍ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። እባካችሁ፣ የደባርቅ መንገደኞች፣ በተለይ የሚያስል ሰው አብሯችሁ ከተሳፈረ፣ መስኮቱን ክፈቱት።