የዋጫ ከተማ የቀላል ባቡር መዘግየት ማቋቋሚያ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር ዜሮ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በካፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ መናኸሪያ ጥግ የተሰበሰብን እኛ ተሳፋሪዎች፣ አቦሉን ጠጥተን ቶናው እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ይህን አውጀናል።

መግቢያ

አዲስ አበባ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰውን መስመር መርቃ፣ ከሳምንታት በኋላም ከአያት ጦር ኃይሎች ያለውን ከፍታ፣ ከሰሃራ በታች የመጀመሪያው የተባለለት ቀላል ባቡር ባለቤት የሆነች ስለሆነ፤

ለዚህም 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ተዘርግቶ፣ 39 ጣቢያ ተሠርቶ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶ፣ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ በብድር ተገኝቶ፣ 41 ባቡሮችም ከቻንግቹን ፋብሪካ ባሕር አቋርጠው የገቡ ስለሆነ፤

ይሁን እንጂ ባቡሮቹ ሲመጡ መለዋወጫቸው እንደ ኋላ ቀሪ እንግዳ «እየመጣሁ ነው» ብሎ የቀረ በመሆኑ፣ ከ41ዱ ከግማሽ የሚበልጡት ከዴፖ መውጣት የተሳናቸው ጊዜ ስለነበረ፤

የዋጫ ሕዝብ በአንጻሩ አንድም ባቡር ያላዘዘ በመሆኑ እስከ ዛሬ አንድም ባቡር ያልዘገየበት ስለሆነ፣ ይህንንም ንጹሕ ታሪክ በሕግ ማስጠበቅ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ

1. አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ «የመዘግየት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል፤ የሚጠቅሰው ከተገኘ።

2. ትርጓሜ። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «በቅርቡ» ማለት መግለጫ የሰጠው ኃላፊ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እስኪዛወር ያለው ጊዜ ነው፤

ለ) «በሂደት ላይ ነው» ማለት አልተጀመረም ማለት ነው፤

ሐ) «ርክክብ» ማለት ሪባን የሚቆረጥበት ሥነ ሥርዓት ሲሆን፣ የዕቃውን መገኘት የግድ አይጠይቅም፤

መ) «መለዋወጫ» ማለት ባቡር ሲገዛ የሚረሳ፣ ባቡር ሲቆም የሚታወስ ዕቃ ነው፤

ሠ) «ቦንጋ! ቦንጋ! አንድ ሰው ብቻ!» ማለት፣ ረዳቱ ሲጠራው፣ አምስት ሰው፣ ሁለት ዶሮና አንድ ጆንያ ኮሮሪማ ማለት ነው።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ጸኑ ልማዶች

3. መዘግየት ትናንት የመጣ አመል አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እርሳቸው በ1906 አርፈው ነበርና ፈቃዱን የሰጡት ንጉሥ ፉጨቱን በከተማቸው ሳይሰሙ አለፉ። 23 ዓመት ማለት ነው፤ ከዚያ ያነሰ መዘግየት በዚህ አዋጅ «ፍጥነት» ተብሎ ይመዘገባል።

4. ጎረቤትም አይማ። የቶሮንቶ ከተማ በእነርሱ አቆጣጠር በ2009 ከቦምባርዲየር ኩባንያ 204 የከተማ ባቡሮች አዝዛ፣ ቀጠሮው በየመሐሉ እየፈረሰ፣ የመጨረሻዋን የተረከበችው በጥር 2020 ነው። በዚያ ብርድ ቆመው የጠበቁ ወገኖቻችን ምስክር ናቸው። የከተማዋ ትራንስፖርት ድርጅት ግን ዝም አላለም፤ 50 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቀ። ልዩነታችን ይህች ብቻ ናት፦ እዚያ የዘገየ ይከሰሳል፤ እዚህ የዘገየ መግለጫ ይሰጣል።

5. በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ጉራፈርዳና ዲማ የሚዘልቅ ሐዲድ በካርታ ላይ ተሰምሮ ነበር። በዋጫ ይቁም አይቁም አልተነገረንምና ቀረብን ልንል አንችልም። ብቻ ጥሎን ለማለፍ እንኳ አልመጣም።

ክፍል ሦስት፦ መብትና ግዴታ

6. የቡና ድንጋጌ። ከጨና፣ ከጊምቦና ከዴቻ የሚወጣው ቡና ቀጠሮ አያፈርስም። ቀላ ማለት ተለቀመ ነው፤ ደረቀ ማለት በአይሱዙ ተጫነ ነው። ጭቃ ቢይዘው መንደሩ ወጥቶ ይገፋዋል። የሀገሪቱ ቡና በ2017 በጀት ዓመት ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ባቡሮቹ ለምን ቆሙ ሲባል ደግሞ መልሱ «መለዋወጫ የለም፤ መለዋወጫ መግዣ ዶላር የለም» የሚል ነበር።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። አንዲት እናት ነጠላዋን በወገቧ አሥራ፣ ቅርንጫፉን በግራ እጇ ጎንበስ አድርጋ፣ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው እየለየች ዘንቢል ትሞላለች። ባቡሩን ተሳፍራ አታውቅም፤ አይታውም አታውቅም። የባቡሩ ጎማ ዋጋ ግን በእርሷ ዘንቢል በኩል ያልፋል። ስለሆነም የዋጫ ሕዝብ ያልተሳፈረበትን ባቡር «የት ደረሰ?» ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

7. የገዢ ግዴታ። በቅሎ የሚገዛ ሰው ገለባዋን ሳያስብ ገበያ አይወጣም። ባቡር የሚገዛ መሥሪያ ቤትም «ስንት ባቡር ገባ?» ለሚለው ከሚሰጠው መልስ በፊት፣ ስንት ጎማ መጋዘን እንዳለ፣ ሲያልቅ ከየት እንደሚመጣ፣ በማን ገንዘብና በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ለሕዝብ ያስታውቃል።

8. ቅጣት። ቀን ሳይቆርጥ «በቅርቡ» ያለ ማንኛውም ኃላፊ በሐምሌ ዝናብ፣ በቅጥቅጥ የኋላ ወንበር፣ በሁለት ጆንያ መሐል ተቀምጦ ከዋጫ ቦንጋ ይጓዛል። መስኮቱ አይዘጋለትም። ይግባኝም የለውም። ጥፋቱን የደገመ፣ በዚያው መኪና ይመለሳል።

ክፍል አራት፦ ልዩ ልዩ

9. የተሻሩ ሕጎች። «ትንሽ ታገሡ» የሚል ማናቸውም መመሪያ፣ ደብዳቤ ወይም የአፍ ቃል በዚህ አዋጅ ተሽሯል። «ሰዓቱ ገና ነው» የሚለው ግን ባጃጅ ነጂዎች ስለለመኑን ለጊዜው ይቆያል።

10. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ ባጃጁ ባቡር ነው፤ ሦስት ጎማ አለው፤ የሦስቱም መለዋወጫ እዚሁ ከመናኸሪያው ማዶ ይሸጣል። በዚህ ረገድ ዋጫ ከዋና ከተማዋ የተሻለች መሆኗ በይፋ ተመዝግቧል።

11. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ይህ አዋጅ ቶናው ከተቀዳበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ቶናው በሰዓቱ ደርሷል።

እናንተም ለከተማችሁ ባቡር ልታዝዙ ወረቀት ያዘጋጃችሁ ከንቲባዎች፣ አደራችሁን፦ ባቡሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ጎማውን ቁጠሩ።