ጥቅሙም ጉዳቱም በእኩል ድምፅ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለአባባ

ይድረስ ለተከበሩ አባባ፤

 

ልጅዎ በዚህ ክረምት በሜሪላንድ በአንድ የጤና ኮሙኒኬሽን ድርጅት ውስጥ ኢንተርን ሆኖ፣ ማለትም ትምህርቱን ሳይጨርስ ሙያውን በባለሙያዎች ሥር እንዲለማመድ ተቀጥሮ፣ በመሥራት ላይ ይገኛል። ሥራው ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት የሚነገረውን ለሕመምተኛው በሚገባው መንገድ መጻፍ እንጂ ማከም ስላልሆነ፣ የእድሩ ሊቀመንበር የደም ግፊታቸውን ቁጥር በስልክ ልከው የጠየቁት ምክር መልስ ያጣው በንቀት አለመሆኑን አባባ እንዲያስረዱለት ይለምናል።

የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለሕመምተኛ የሚሰጥ ጽሑፍ ከስድስተኛ ክፍል ተማሪ የንባብ ችሎታ እንዳይበልጥ ስለሚመክር፣ ለማስተርስ ዲግሪ የሚማረው ልጅዎ ቀኑን ሙሉ የሚደክመው ለስድስተኛ ክፍል ለመጻፍ ነው። ከዚያ ክፍል ወዲህ ለትምህርቱ የወጣው ገንዘብ በከንቱ የፈሰሰ ቢመስል አያስገርምም።

በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥን መድኃኒት በቀጥታ ለሕዝብ ማስተዋወቅ ከአሜሪካና ከኒውዚላንድ በቀር በአብዛኛው ዓለም የተከለከለ ነው። በዚህ አገር ቴሌቪዥን ግን አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ዓሣ እያጠመዱ ሲስቁ፣ ከበስተጀርባ ያለ ድምፅ ስለ ጉበት ጉዳትና ስለ ሞት ሕፃን በሚያስተኛ ለዛ ይተርካል። ኤፍዲኤ፣ ማለትም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ማስታወቂያ ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚዛን እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብም በቴሌቪዥን ዋናው የጎንዮሽ ጉዳት፣ ማለትም መድኃኒቱ ከሚፈለገው ውጤት ጋር ይዞት የሚመጣው ችግር፣ በድምፅም በጽሑፍም በአንድ ጊዜ እንዲቀርብና ሙዚቃም ሆነ ምስል የተመልካቹን ሐሳብ እንዳይሰርቅ አዝዟል። ስለዚህ ልጅዎ የሚጽፈው እያንዳንዱ ገጽ በሐኪም፣ በሕግ ባለሙያና በደንብ አዋቂ ዐይን ሥር ያልፋል፤ «ያድናል» ብሎ የገባ ጽሑፍ «ሊረዳ ይችላል» ሆኖ ይወጣል።

ከባሕር ማዶ የሚላክ ደብዳቤ በዚህ ሚዛን ቢመዘን ማለፉ ያጠራጥራል። ስደተኛ መኪና ተደግፎ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይልካል እንጂ መኪናው የማን እንደሆነ ከግርጌው አይጽፍም፤ ልጅዎም ባለፈው ፋሲካ የላከው ፎቶግራፍ በዚህ ረገድ ደንቡን አያሟላም።

እንግዲህ በደንቡ መሠረት፣ የዚህ ሥራ ጥቅም ልምድ፣ ቀዝቃዛ አየር ያለው ቢሮና ያለ ክፍያ የሚጠጣ ቡና ሲሆን፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ደግሞ ቡናው እንደ በረካ የቀጠነ መሆኑ፣ በሰዓት የሚከፈለው ደመወዝ ከቤት ኪራይ አልፎ አለመራመዱ፣ እንዲሁም ለእህቱ ሠርግ ቃል የተገባው ገንዘብ ሊዘገይ፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ ላይደርስ የሚችል መሆኑ ነው። ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ሬዲዮው ተዘግቶ፣ ድምፅ ሳይቀነስ፣ ለእማማ እንዲነበብላቸው ልጅዎ በታላቅ አክብሮት ይጠይቃል።

አክባሪ ልጅዎ