ትንፋሼም ሊያሳብቅብኝ ነው

እንግዲህ ለእኛ ለሽማግሌዎች የቀረን ምስጢር የለም። ደም ስጡ ተባልን፣ ሰጠን። ሽንት አሉን፣ ሰገራ አሉን፤ ያንን በክብሪት ቀፎ ይዘን በሰው ፊት ያለፍንበትን ዘመን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። አሁን ደግሞ እዚህ ለንደን ሐኪሞቹን ትንፋሽ አማራቸው! «አባዬ፣ እፍ ማለት ብቻ እኮ ነው» ትለኛለች ልጄ። እፍ የሚባለው ምድጃ ላይ ነበር።

ጣጣውን ያመጡት የኢምፔሪያል ኮሌጁ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ጆርጅ ሐና እና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የምግብ ቧንቧና የጨጓራ ካንሰር በትንፋሽ ይታወቃል ብለው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ በሦስት የለንደን ሆስፒታሎች 335 ሰዎችን አስተነፈሱ። 163ቱ ካንሰር ያለባቸው ነበሩ። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚሉት ማሽን ከትንፋሹ አምስት ኬሚካሎችን ለካ። አንደኛው ቡቲሪክ አሲድ ነው፤ የከረመ ቅቤ እንዲያ የሚሸተው በእሱ ነው። ጉድ ፈላ! ዕድሜውን ሙሉ ቅቤ ሲበላና አናቱን ሲቀባ የኖረ ሰው እዚያ ማሽን ፊት ምን ብሎ ይከራከራል? ደግነቱ የሚያስተነፍሱት እህል ሳይቀመስ ነው። በጾም እንኳ የሚበልጠን የለም።

ውጤቱን ልንገራችሁ፦ ከ100 ሕመምተኛ 80ውን ያዘ፣ ከ100 ጤነኛ 81ዱን በነፃ አሰናበተ። ቀሪዎቹ 19 ጤነኞችስ? በከንቱ ደንግጠው ወደ ኢንዶስኮፒ መሄዳቸው ነዋ! ትንፋሹ ማን ወደዚያ ይሂድ የሚለውን ይለያል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ኢንዶስኮፒ ማለት ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮ እስከ ጨጓራ የሚወርድበት ነው። እኔ ክኒን እንኳ በስንት ልመና ነው የምውጠው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? በሽታው ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ክፉ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው የሚነቃው ምግብ አልወርድ ሲለው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። ከዚያ በፊት ያለው ምልክት ቃርና ግሳት ነው። ቃር የሌለው ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ባለ ቃሩን ሁሉ ካሜራ ላስውጥ ቢል ሐኪሙም አይዘልቀው። የእኛም አመል አያግዘውም፤ ሁሉን ነገር «ጨጓራዬ ነው» እያልን በተልባ እንሸኘዋለን። ሆድ ይፍጀው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እንዲህ ላለ ሰው አሳባቂ ማሽን ቢታዘዝበት፣ ቅር እያለኝም ቢሆን፣ ይገባዋል እላለሁ።

ልጄ ግን በትንፋሹ አልበቃትም፤ ቡናዬንም መጣችበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳይዳርግ አይቀርም ብሏል አሉ። አሁን ስኒዬን ይዛ «ይብረድልህ» እያለች ትጠብቀኛለች። ለብ ያለ ቡና ለሰው ይሰጣል? ግን አፌን ሞልቼ አልከራከራትም፤ የአርሲ ሰው ነኝ። አርሲ ይህ በሽታ ከሚበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው መስመር ላይ ይገኛል። እዚያ የተደረገ ጥናትም የሚፋጀውን ገንፎ በጥርጣሬ አይቶታል። ገንፎን ሳይቀር!

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር ይኸውላችሁ፦ እንግሊዞቹ ላይ የሚበዛው ከቃርና ከውፍረት ጋር የሚያያዘው ዓይነት ነው፤ የእኛ አገሩ ሌላ ዓይነት ነው። እፍ የሚያስብለው ማሽን ለንደን ላይ የተማረውን አርሲ ላይ እስኪለምደው ስንቱ ገንፎ ይበላል?

ስለዚህ እናንተ የአገሬ ሽማግሌዎች ስሙኝ። እንጀራ ጉሮሮ ላይ ሲቆም «ውሃ አምጡልኝ» ብሎ ማለፍ ይቅር። ስለ ንጉሡ ዘመን ማንም ሳይጠይቃችሁ ግማሽ ቀን የምታወሩ ሰዎች፣ ለሐኪም ስለ ጉሮሯችሁ ሁለት ቃል መናገር ምን አቃታችሁ?