አረንጓዴ ይቀባ

የኦንላይን ኮርስ ተሠርቶ ሲያልቅ እንደ ሠልጣኝ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት የሥራ ፈት ሥራ ነው። የሠለጠነ ቡድን እንዲህ አይደክምም። ኮርሱን ወደ ኤክሴል ያወጣዋል፣ ፋይሉን በኢሜይል ይበትነዋል፣ ከዚያ ሁሉም በየወንበሩ ሆኖ አስተያየቱን ይደረድራል። ቪዲዮ ማየት የለ፣ ቁልፍ መጫን የለ፣ መማርማ ጭራሽ የለ። እንደ አርቲኩሌት ሪቪው 360 ያሉ፣ ኮርሱን በሊንክ ልከው እዚያው ስክሪኑ ላይ ኮሜንት የሚያሰጡ ነገሮች መኖራቸው አይካድም፤ ነውራቸው ግን ኮርሱን እንድታይ ያስገድዱሃል።

የኤክሴል ቸርነት ደግሞ ወሰን የለውም። አንዱ ገጽ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ አንዷ ሴል ብቻዋን እስከ 32,767 ሆሄ ትውጣለች። ምዕራፉን ሙሉ እዚያች ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ገምጋሚው የምትታየውን መስመር ብቻ አንብቦ «ይዘቱ ጥሩ ነው» እንዲል ማድረግ ይቻላል።

ለአማርኛ ኮርስ ተጨማሪ በረከት አለው። ፋይሉ ሲኤስቪ ሆኖ ወጥቶ አንዱ ዝም ብሎ በድርብ ክሊክ ሲከፍተው፣ ብዙ ጊዜ እያንዳንዷ የግዕዝ ፊደል ሦስት ሦስት ሆና፣ ጭረትና ቆብ ወደተጫነባቸው የላቲን ሆሄያትና ወደ ባዕድ ምልክቶች ተለውጣ ብቅ ትላለች። ዩቲኤፍ ኤይት መርጦ ማስገባት መፍትሔው ነበር፤ ግን ማን ጊዜ አለው? «በእኔ ላፕቶፕ አይነበብም፣ እኔ ግን አጽድቄዋለሁ» የሚል መልስ ይመጣል። እንዲህ ያለ መተማመን በትዳር እንኳ አይገኝም።

አንድ የእሳት አደጋ መከላከያ ኮርስ በዚህ መንገድ ሲገመገም አይቻለሁ። የማጥፊያው ፒን እንዴት እንደሚነቀል፣ ወዴት እንደሚረጭ የሚያሳየው ቪዲዮ ኤክሴሉ ላይ «ቪዲዮ 3» ተብሎ ቀረ። አስተያየት ግን አላጣም፦ «ቢብራራ»። የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ምን ያህሉ በዕቃ ሊዘጋ ይችላል ለሚለው ጥያቄ ከምርጫዎቹ አንዱ 1/2 ነበር። ኤክሴል በደግነቱ ጃንዋሪ 2 አደረገው። (በዚህስ ብቻችንን አይደለንም። የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ኤክሴል አንዳንዶቹን ስሞች ቀን እያደረገ ሲያስቸግር፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ጂኖቹን ራሳቸውን ስም ቀየረላቸው፤ ይኸው ቀለለው።) ከእኛዎቹ ገምጋሚዎች አንዱ ግን ባህሉን አክባሪ ኖሮ «በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 24 ይባል» ሲል አረመው።

ዋናው ገድል ገና ነው። አንድ ታታሪ ባልደረባ፣ ጥያቄዎቹ በፊደል ተራ ቢሆኑ ለንባብ ይመቻሉ ብሎ የጥያቄዎቹን አምድ ብቻ መርጦ ሶርት አደረገ። ኤክሴል እንኳ ደንግጦ «ጎን ያሉትንስ አምዶች ላካትት?» ብሎ ነበር፤ ሥራ የበዛበት ሰው ማስጠንቀቂያ አያነብም። ጥያቄዎቹ ተንቀሳቀሱ፣ መልሶቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። «የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ ይደፋል?» ከሚለው ጎን «አዎ። ትክክል! ጎበዝ!» ተቀመጠ።

ቡድኑ ረድፉን በጥንቃቄ መረመረ። የቋንቋ ባለሙያው ሁለት ቃለ አጋኖ በዝቷል ብሎ አንዱን ሰረዘ። የሕግ ክፍል ደግሞ «አዎ» ብሎ መደምደም ተጠያቂነት ስለሚያመጣ «በአብዛኛው አዎ» ይሁን አለ። ኃላፊው ረድፉን አረንጓዴ ቀባው፤ ጸደቀ ማለት ነው። «ፋይናል»፣ «ፋይናል የታረመ» እና «የመጨረሻው ፋይናል» ከሚሉት ሦስት ፋይሎች የትኛው ተገልብጦ ወደ ኮርሱ እንደተመለሰ እስካሁን በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ሥራው ሲያልቅ ግምገማው ራሱ ተገመገመ። አንድ ጉድለት ብቻ ተገኘበት፦ አረንጓዴው ስለደመቀ ለዓይን ይከብዳል፤ ለሚቀጥለው ኮርስ ፈዘዝ ያለው ይመረጥ ተብሏል።