ጭራቅ መቼ ይሞታል? የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በእርሳስ፣ በወረቀትና በዳይስ በሚጫወቱት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ውስጥ የሚኖሩ ጭራቆች የሚሞቱበትን ሰዓት መመርመር ነው። አራት አምስት ሰው ጀግና ይሆናል፤ አንዱ የጨዋታው መሪ ተብሎ ከካርቶን መከለያ ጀርባ ይቀመጥና ተራራውን፣ ዝናቡንና ጭራቁን ሁሉ ይሆናል። ጭራቁ የሕይወት ነጥብ አለው። ሲመታ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ሲገባ ይሞታል። ነገሩ በእርግጥ የመቀነስ ሂሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥናት ባላስፈለገ ነበር።

በታሪክ ረገድ የጭራቅ ነፍስ የመጣችው ከመርከብ ነው። ጨዋታውን ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ያዘጋጀው ዴቭ አርንሰን፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1974 ከመታተሙ በፊት በሚኒሶታ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ጀግና በአንድ ምት ይሞት ነበር። ተጫዋቾቹ ጀግኖቻቸውን ስለወደዱ ቅር አላቸው። እሱም በኋላ እንደተናገረው፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የብረት ለበስ መርከቦች ከሠራው የጦርነት ጨዋታ የሕይወት ነጥብን ሕግ አምጥቶ ሰጣቸው። ጭራቁም የመርከብነት ጠባዩን እስከ ዛሬ አልተወም። 59 ነጥብ ያለው ኦገር የሚባል ጭራቅ 58ቱን ካጣ በኋላም የሚማታው ሲጀምር በነበረው ጉልበት ነው፤ አያነክስም፣ አያቃስትም፣ ቁና ቁና አይተነፍስም። የመጨረሻዋ አንድ ነጥብ ስትሄድ ብቻ በአንዴ ይሰምጣል።

በመስክ ምልከታ ጭራቆች በሦስት ዐቢይ ክፍሎች ተመድበዋል።

ሀ) የመጽሐፍ ጭራቅ። ቁጥሩ ታትሞ የተሰጠው ነው። በ2014ቱ እትም ጎብሊን 7፣ ኦገር 59፣ ታራስክ የሚባለው የጭራቆች ሁሉ ራስ 676 አለው። በዚሁ መጽሐፍ ድመት 2 ነጥብ፣ ተራ ሰው ደግሞ 4 ነጥብ ሲኖራቸው፣ የድመቷ ጥፍር ባረፈ ቁጥር 1 ነጥብ ይወስዳል። አራት ጊዜ የተቧጨረ ጎልማሳ ይወድቃል ማለት ነው። በዚያ ዓለም ድመት ያሳደገ ቤተሰብ እንዴት ዘር እንደተረፈለት ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል። በዚያው ዓመት የወጣው የመሪዎች መመሪያ፣ አዲስ ጭራቅ ለሚፈጥር ሰው ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ የአደጋ ደረጃው 2 ለሆነ ጭራቅ ከ86 እስከ 100 ነጥብ ስጠው ይላል። የኦገር የአደጋ ደረጃ 2 ነው። ኦገርና ሠንጠረዡን ያስተዋወቃቸው ሰው ያለ አይመስልም።

ለ) የዳይስ ጭራቅ። በዚያው እትም ለኦገር ሰባት ባለ ዐሥር ገጽ ዳይስ ተጥሎ 21 ይደመራል፤ ውጤቱ ከ28 እስከ 91 ሊሆን ይችላል። ከአንድ ዋሻ የወጡ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሲያስነጥሱበት ሲሞት ሌላው እስከ እራት ሰዓት ይቆያል።

ሐ) የይሉኝታ ጭራቅ። በሕግ የሞተ፣ በይሉኝታ ግን የቆመ ነው። ከመከለያው ጀርባ ስለሚኖር በዓይን የሚያየው መሪው ብቻ ነው፤ ሥርጭቱ ግን ሰፊ ነው።

ሐ-1) ጠባቂው። ማታውን ሙሉ አንድም ያልቀናው ዝምተኛ ተጫዋች ተራው እስኪደርስ የሚቆም ነው። በመካከሉ ደፋሩ ተጫዋች 30 ነጥብ የሚያነሳ ምት ያሳርፍበታል። መሪው ወረቀቱን አየት ያደርግና «እ… ተንገዳገደ» ይላል። «ተንገዳገደ» ማለት ሞቷል ማለት ነው። ቀጣዩ ይመታዋል፤ «በጣም ተንገዳገደ»። በመጨረሻ ዝምተኛው ዳይሱን አሽቶ አሽቶ ይጥላል። ይስታል።

የዘርፉ ከባዱ ጥያቄ እዚህ ይጀምራል። ሬሳው አንድ ሙሉ ዙር መቆየት አለበት። ዝም እንዳይል ጭራቅ ነው፤ እንዳይገድል ሞቷል። ስለዚህ ይፎክራል። አባቱን ይጠራል፣ ስለገደላቸው ነገሥታት ይናገራል፣ ሰይፉን አንስቶ ምሰሶ ይመታል። አንደበተ ርቱዕ ጭራቅ ያጋጠመው ተጫዋች ነፍስ ይማር ቢል አይሳሳትም።

ሐ-1-ሀ) ልክ የመጣለት። ጠንቋዩ ያስቀመጣትን የእሳት ኳስ ይለቃል፤ ስምንት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ናት፣ አማካይዋ 28። «31!» ይላል። መሪው በመደነቅ ራሱን ይዞ «ልክ 31 ነበር የቀረው!» ይላል። ጭራቁ የቀረው 1 ነበር። ድግምቱ ውድ ነው፣ ወጥቷል፣ ባከነ የሚል ሰው ጨካኝ ነው።

ሐ-2) ችኩሉ። ዕድሜው የሚለካው በሌሊቱ ነው። በ2014ቱ እትም 546 ነጥብ ያለው ጥንታዊ ቀይ ዘንዶ ገና 300 ቀርቶት ሳለ አንዱ ተጫዋች ሰዓቱን ያያል፣ ሌላው የሞግዚቷን ነገር ያነሳል፣ ዘንዶውም በማንም ሐኪም ባልታወቀ ምክንያት በቀጣዩ የጩቤ ጭረት ይሞታል። አሳታሚዎቹ ራሳቸው የነገሩን ርዝመት ሳያውቁት አልቀሩም፤ በ2008ቱ እትም ሎሌ የሚባሉ ባለ 1 ነጥብ ጭራቆችን ፈጥረዋል። ሎሌ ኦገር እንኳ በአንድ ምት ይገላገላል። በመስክ እንዳየነው ግን ይሉኝታ ያለው መሪ ሎሌውንም ያንገዳግደዋል።

ይህ ሁሉ ውሸት ነው፣ ዳይስ በሜዳ ይጣል፣ ቁጥር ቁጥር ነው የሚሉ መሪዎች አሉ። እናከብራቸዋለን። ቤታቸው ግን ደጋግመን አንሄድም።

ሐ-3 (የበቀል ጭራቅ)፣ ሐ-4 (መሪው ስሙን ስላወጣለት የሚሳሳለት) እና መ (ልዩ ልዩ) ለየብቻቸው ሊተነተኑ ታቅዶ ነበር። ሆኖም አጥኚው ናሙና ሲሰበስብ ሁሉም እየዞሩ ሐ-1 ውስጥ ስለገቡበት ምደባው እዚህ ላይ ቆሟል።

ለሙሉነት ያህል የማጣሪያ ጥያቄው ይቀራል። ውጊያው አልቆ ቺፕሱ ሲሰበሰብ አንዱ ተጫዋች መሪውን ይጠይቃል፤ «ቅድም እኔ ስመታው ስንት ቀርቶት ነበር?» መሪው መከለያውን ጠጋ አድርጎ ወረቀቱን በጥሞና ያያል። ወረቀቱ ላይ 59 ተሰርዞ፣ ከሥሩ ከዜሮ በታች 43 ተጽፏል።

«ሁለት» ይላል።