ኪሎው ስንት ነው ላሉኝ ለጋሼ

ይድረስ ለማከብርዎት ለጋሼ፤ ባሕር ዳር።

«የወንድምህ ልጅ አሜሪካ ገብቶ ዓሣ አስጋሪ ሆነ» ሲባል ሰምተው፣ «ኪሎውን ስንት ይሸጠዋል?» ማለትዎን እማዬ በስልክ ነገረችኝ። ጋሼ፣ እዚህ ሚኒሶታ ለመዝናናት በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ መሸጥ ክልክል ነው። ገቢው ይኸው ነው፤ ወጪውን ልንገርዎት።

ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ መንጠቆ ከመጣሉ በፊት ፈቃድ ይገዛል። ቀጥሎ ዘንግ፣ ጀልባ፣ ጀልባውን የሚጎትት መኪና፣ ዓሣው የት እንዳለ በመስኮት የሚያሳይ መሣሪያ። ዓሣውን እዚያው እያዩት አለመያዝ ይህ መሣሪያ ያመጣው አዲስ ንዴት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን መንጠቆው ላይ የሚሰካው ምግብ ነው፤ አልቅት! አዎ፣ የዚያች የበሬያችንን ጉሮሮ ይዛ ስታሰቃየን የኖረች አልቅት ዘመድ። እናንተ ትንባሆ በጥብጣችሁ የምታስለቅቋትን እኔ በደርዘን አስቆጥሬ፣ በዶላር ከፍዬ፣ እንዳትሞትብኝ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖራታለሁ። ባለቤቴ ከወጡ ድስት ጎን ያገኘቻት ዕለት የሆነውን በአካል ስንገናኝ እነግርዎታለሁ።

ይህ ሁሉ ዎልአይ ለሚባል ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የግዛቱ ዓሣ ተብሎ በሕግ ተሾሟል፤ ጋሪሰን በምትባል ከተማም ሐይቅ ዳር ሐውልት ቆሞለታል። ከዓይኑ በስተኋላ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው፣ ባትሪ ሲያበሩበት እንደ ጅብ ዓይን ቦግ ይላል። በደብዛዛ ብርሃን አጥርቶ ስለሚያይ ሲመሽና ሲነጋ ያድናል፤ እኛም እንቅልፋችንን የምናጣው ለዚሁ ነው። ሥጋው ነጭ፣ ለስላሳ ነው። በዱቄት ለውሰው ሲጠብሱት ቆሮሶን ያስረሳል እንዳልል እርስዎን እፈራለሁ።

ሚል ላክስ የሚባለው ሐይቅ የጣናን አንድ ስድስተኛ ቢያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዎልአዩ ቀንሷል ተብሎ፣ የያዘ ሁሉ መልሶ እንዲለቅ ታዘዘ። ሰው ቀረ? አልቀረም! ነዳጁን ከፍሎ፣ ጀልባውን ጎትቶ ሄዶ፣ ይዞ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ለቀቀ።

የዚህ አገር ክረምት ሲገባ ደግሞ ሐይቁ ይጋገራል። ንጹሕ በረዶ 10 ሳንቲሜትር ከወፈረ ሰው ይሄድበታል፤ ሲወፍር መኪና ይነዱበታል። ጎጆ ጎትተው ወስደው፣ በረዶውን ሰርስረው፣ ማሞቂያ ለኩሰው፣ አንዳንዱም ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ ቀዳዳዋን ከበው ይቀመጣሉ። ወሬ የለም። የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት «ይበርዳል» አለኝ፤ ማታ «ደኅና ዋልን» አለኝ። በሁለቱ መካከል የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ዓሣው ያልመጣው በኔ ምክንያት እንደሆነም በዓይኑ ነገረኝ።

ይሳቁ ጋሼ፣ ግን አንድ ነገር ይስሙኝ። ዎልአይ በረዶው እንደቀለጠ ጠጠራማ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ዕንቁላሉን ይጥላል። ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት ድረስ እሱን ማጥመድ የሚከለከለው ለዚያ ነው። ሰዉ ቀን እየቆጠረ ይጠብቃል፤ ሲከፈት በዓል ነው። የኛም ነጭ ዓሣ በዝናቡ ክረምት ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። «እንደ ድሮው አይገኝም» ይሉኝ የለ? ዕንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች ዓሣ የዛሬ ብቻ ሳትሆን የከርሞም ራት ናት። እኔ ብናገር አስጋሪዎቹ «ፈረንጅ አገር ሄዶ ሊያስተምረን ነው» ይላሉ፤ እርስዎ ቢሏቸው ግን ታንኳ ሁሉ ይሰማል። እባክዎ በነሐሴ መረብ ለሚዘረጉት ልጆች ይህችን ያንብቡላቸው።

የአልቅቱን ግን ይዝለሉት። ስሜ እዚያ ገና ደኅና ነው።

ልጅዎ፣
ከሚኒያፖሊስ